የልክነሽ ቡልኮ

ረቡዕ፣ ጥር 14

ዛሬ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ለመጀመር ጥሩ ቀን ነው… ወይስ ሰው የሚጽፈው ትልቅ ነገር ሲሆን ብቻ ነው? መምህር ነህምያን መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን የማታ ትምህርቱ አልቋል። ከእንግዲህ የምጠይቀው ራሴን ነው።

ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ስንት ነበራችሁ? የሚል ይኖራል። ማን ይላል? የምጽፈው ለራሴ! እሺ፣ አራት ነበርን፤ አንዷ ወልዳ ቀረች። አንደኛ ግን አንደኛ ነው። ዕድሜዬን ሙዝ ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ። ከላንቴ እርሻ ሞልቶ የወጣ አይሱዙ ሁሉ የኔን የአበጋዝን ትከሻ ያውቃል። ትከሻው ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ጀመረ። ከሲቀላ ሰፈር እስከ ሴቻ ያለውን ታፔላ በሙሉ አንብቤ ጨርሻለሁ፣ ያውም ጮክ ብዬ። ባጃጅ ውስጥ ባለቤቴ ልክነሽ በክርኗ ትጎሽመኛለች።

«የጌዲዮን አባት፣ ዝም በል። ሰው ሁሉ ማንበብ ይችላል እኮ።»

ይችል ይሆናል። እንደኔ በድምፅ ግን ማን?

ደብተሩን የሰጠችኝ አይዳ ናት፤ ጓሮ ያለችውን ክፍላችንን የተከራየች የዲዛይን ተማሪ። አገሯ አዳማ፣ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ይቺ ልጅ መጽሐፍ በእጇ ትሠራለች! ማሽን የለ፣ ማተሚያ ቤት የለ። ወረቀቱን ታጥፋለች፣ እጥፋቱን በአጥንት ቁራጭ ትጫነዋለች፣ በወስፌ ትበሳለች፣ ክሩን ሰም ለቅልቃ ትሰፋዋለች። ሰኔ ላይ ስድስት መጽሐፍ ለኤግዚቢሽን ታቀርባለች። ሽፋናቸው ጥልፍ ነው የሚሆነው። የምትመረቀው በሱ ነው።

ይሄን ለሙከራ የሰፋችው ነው። «ጋሼ፣ ለምርቃትዎ» ብላ ሰጠችኝ።

ሽፋን የለውም። ከጀርባው ክሩ ይታያል፣ እንደ ከሳ ውሻ ጎድን።

«ራቁቱን ነው እኮ!» አልኳት።

«ጥሩ ጨርቅ ሳገኝ አለብሰዋለሁ። ገበያ ላይ ያለው ሁሉ የፋብሪካ ክር ሆነብኝ። እኔ የምፈልገው በእጅ የተፈተለ፣ ወፍራም፣ ያረጀ ነው።»

ያረጀና ወፍራም ከፈለግሽ እኔ አለሁልሽ አልኳት። ሳቀች። ልክነሽም ከውስጥ ሳቀች… ከዛ ሳለች።


እሑድ፣ ጥር 18

ልክነሽ ዛሬ ቡልኮዋን ፀሐይ ላይ አወጣች። በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ የምታደርገው ነው።

በኛ ወገን ሰው ሲሞት ከከፈኑ ላይ በቡልኮ ይጠቀለላል። ያለ ቡልኮ የሄደ ሰው… ለቀስተኛው ምንም አይልም፤ ያያል ብቻ። ዘመድ እንዳልነበረው ያህል ነው። ልክነሽ የራሷን ያዘጋጀችው ገና በጉብዝናዋ ነው። ክሩን የፈተለችው እናቷ ናት፣ ነፍሷን ይማር። የሸመኑት ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው፣ ደጋው ኦቾሎ ላይ። አንድም ቀን አልለበሰችውም። ሳጥን ውስጥ ከአልጋዋ ሥር ይተኛል።

ድሮ ብቻዋን ትሸከመው ነበር። ዘንድሮ ጠራችኝ። ክንዷ ከስቷል፣ ሆዷ ግን እየተነፋ ነው። አጥሩ ላይ ስናሰጣው አጠገቡ በርጩማ አስቀምጣ ተቀመጠች። እንደ እንግዳ ነው ያየችው። ማታ ስመልሰው፣

«ሥር አትቅበረው። ላይ ላይ አድርገው» አለች።

«ለምን?»

«እንዳትፈልግ።»

«ወረፋ አትጋፊ! እኔ ነኝ ቀዳሚ» አልኳት። ሌላ ጊዜ በዚህ ትስቅ ነበር።


ዓርብ፣ ጥር 23

ሆስፒታል። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ የልጃችን የጌዲዮን እኩያ። ወረቀቱን ከእጇ ወስጄ ላንብበው አልኩ። በእንግሊዝኛ ነው።

«ይቅርታ፣ በዚህኛው ገና አልተመረቅሁም» አልኳት።

ሳቀች። ከዛ ልክነሽን ውጭ እንድትጠብቅ ነገረቻት። ያኔ ገባኝ።

ጉበት ነው። ቆይቷል። «ቤት ይንከባከቧት። ለሕመሙ ማስታገሻ እንሰጣለን።» እስከ መቼ? አልኩ። «እሱን እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጋሼ። ክረምቱን ግን…» አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺው አላልኳትም።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ልክነሽ ዞር ብላ አየችኝ።

«ዛሬ ምነው፣ ፊደሉ ጠፋብህ?»

አንድም ታፔላ አላነበብኩም ለካ።


ሰኞ፣ ጥር 26

ሳጥኑ አልጋዋ ሥር ነው። የሚጠብቃት ይመስለኛል።


ሐሙስ፣ ጥር 29

አደረግሁት!

እንዲህ ነው ያሰብኩት። መንገደኛ ልብሱን ካልያዘ አይነሳም። ሞት ይመጣል፣ ሳጥኑን ይከፍታል… ቡልኮ የለም። በምን ጠቅልዬ ልውሰዳት? ይላል። ይቆማል። ይመለሳል። ይሄን የመሰለ ነገር ያሰበ ሰው ከጫኖ እስከ ላንቴ ቢፈለግ አይገኝም። ሙዝ ስጭን ስንቱን ደላላ አታልያለሁ፣ ሞት ምን ቁም ነገር አለው?

ልክነሽ ባለወልድ ነው ብላ ጎረቤት ይዛት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቡልኮውን ተሸክሜ ጓሮ ሄድኩ። አይዳ ስታየው ተነሥታ ቆመች። ዳሰሰችው። ፊቷ ላይ አስጠጋችው።

«ጋሼ… ይሄ እኮ የእጅ ፈትል ነው። ከየት አመጡት?»

«ከቤት። ቁረጪው።»

«ይሄንን? እውነት?»

«ቁረጪው አልኩሽ! የኛ ቤት ቡልኮ እንደ ጆንያ ነው የሞላው።»

«እማማ ያውቃሉ?»

«ራሷ ናት የላከችኝ። ልጅቷ ጥሩ ጨርቅ አጣች ብላ።»

እንዴት ቶሎ መጣልኝ ይሄ ውሸት? ደስ ብሏት አንገቴን አቀፈችኝ። ከዛ ከአንዱ ጫፍ ጀመረች። መቀሱ ቶሎ እሺ አላለም፤ ወፍራም ነው። ድምፁ… ላም ሣር ስትግጥ ያለው ድምፅ።

የሙዝ ጥበቃ ስሠራ የምደርበውን አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፌ በልክነሽ ነጠላ ጠቀለልኩና ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁ። ላይ ላይ። እንዳዘዘችው።

ከዛ ምሳ አልበላ አለኝ። ለምንድን ነው? ያሸነፈ ሰው ይርበዋል እንጂ።


ሰኞ፣ የካቲት 10

አይዳ ቀን ተሌት ትጠልፋለች። መጀመሪያ ቁራጩን ካርቶን ላይ ትለካለች፣ ምስሉን በእርሳስ ትነድፋለች፣ ከዛ መርፌ። በያንዳንዱ ሽፋን ላይ ከግቢያችን አንድ ነገር አለ፦ የሀለኮ ቅጠል (ሽፈራው የሚሉት)፣ የእንሰት ቅጠል፣ ማንጎው፣ ቧንቧው ሳይቀር። ቧንቧ ማን ይጠልፋል? ያምራል ግን። ለማጣበቂያ የምትጠቀመው ከዱቄት የሠራችውን ሙጫ ነው። የፋብሪካው ክሩን ያደርቀዋል አለች።

የኔንም ደብተር አለበሰችው።

«አንበሳ ጥለፊልኝ» ብያት ነበር።

«ጋሼ፣ የሙዝ አበባ ይሻልዎታል።»

የሙዝ አበባ ሆነ። ወይን ጠጅ፣ ወደ ታች ያቀረቀረ። ሲቀላ ወስጄ ለድሮ ጓደኞቼ አሳየሁ። ካሳ አገላብጦ አየውና «ውስጡስ ምን አለ?» አለ። «ምሥጢረ መንግሥት» አልኩት።

አይዳ ለልክነሽ ላሳያቸው ብላ ነበር። አይሆንም አልኳት። ኤግዚቢሽኑ ላይ ድንገት ታየውና ደስ ይበላት። ይሄም ሁለተኛ ውሸት።


ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ልክነሽ ዛሬ ፎሰሴ በላች። በደንብ በላች! የበቆሎ ዱቄቱን በሀለኮ ነው የሠራሁላት፣ እኔው ራሴ፣ የጾም ስለሆነ ይስማማታል። ከዛ ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች፣ ከጎረቤት ጋር ተጨቃጨቀች፣ ተመለሰች።

መጣ፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ ቡልኮ አጣ፣ ተመለሰ። አላልኩም?


ዓርብ፣ መጋቢት 12

«ምንድን ነው የምትጽፈው ሁልጊዜ?»

«ስለ አንቺ ቁንጅና።»

«እስቲ አምጣው፣ ልየው።»

«ፊደል አታውቂ፣ ምን ያደርግልሻል?»

ተቀየመች። እኔ ግን የፈራሁት ፊደሉን አይደለም። ልክነሽ ጥጥ እየባዘተች ያደገች የኦቾሎ ልጅ ናት። ጨርቁን አንዴ ብትነካው አበቃ። ደብተሩን የሙዝ ማብሰያው ጆንያ ሥር ደበቅሁት። ይኸው አሁን ሙዝ ሙዝ ይሸታል።

ራሴን ጠየቅሁ… ድና ብትነሣስ? በሚቀጥለው ጥምቀት ቡልኮዬን አውጣልኝ ስትል ምን እላለሁ? እሱን ያኔ። ያኔ ብቻ ይምጣ። ብትሰድበኝም ደስታዬ ነው።


እሑድ፣ መጋቢት 28

ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ትላንት የበላችውን መለሰች። ዛሬ ውኃ ብቻ።

ወንድሜን ጥራልኝ አለች።


ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ጋሽ ኤርጫፎ ከኦቾሎ ወረዱ። ሙቀቱን አይወዱትም፤ ጋቢያቸውን ግን አያወልቁም። እህታቸው ዘንድ ተቀመጡ። በጋሞኛ ብዙ አወሩ፣ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ እናታቸው። እኔ ሁለት ሦስት ቀልድ ጣል አደረግሁ። የሚያነሣው አልተገኘም።

ከዛ ልክነሽ፣

«ቡልኮዬን አውጣና ለጋሼ አሳየው። ፀሐይም ይንካው» አለች።

ደመና ነው አልኩ። ጋሽ ኤርጫፎ ቀና ብለው በመስኮቱ አዩ። ሰማዩ ብረት ምጣድ የመሰለ ጠራራ! «ነገ» አልኩና ወጣሁ። ሰው ከገዛ ቤቱ እንዲህ ሸሽቶ ይወጣል?

ጋሽ ኤርጫፎ ማንጎው ሥር አረፍ እንዳሉ አይዳ ውኃ ወሰደችላቸው። ሸማኔ መሆናቸውን ስታውቅ ስለ ሽመና ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ነገሯታ። ስለ ድርና ስለ ማጉ፣ እናታቸው ለሴት ልጇ ፈትላ ስለሄደችው ክር፣ ለእህታቸው መቃብር ስለሸመኑት ቡልኮ…

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ብርጭቆውን ከእጃቸው ሳትቀበል ወደኔ መጣች።

«ጋሼ። ያ ቡልኮ ነው?»

ወደ ውስጥ ልገባ ዞርኩ።

«ምንድን ነው ያስቆረጡኝ? ምንድን ነው ያስቆረጡኝ፣ ጋሼ?»

«እንዳትሞት ብዬ…» አልኩ። አፌ ውስጥ ሳለ ትልቅ ብልሃት ነበር። ሲወጣ የሕፃን ወሬ ሆነ።

አይዳ እጆቿን አየቻቸው። «በነዚህ እጆቼ…» አለችና ክፍሏ ገብታ ዘጋች።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ጠዋት አይዳ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«እፈታቸዋለሁ። ስድስቱንም። መልሼ እገጥመዋለሁ። ግን መጀመሪያ ለእማማ ይንገሯቸው። እርስዎ ካልነገሩ እኔ እነግራለሁ።»

«ኤግዚቢሽኑስ? መመረቂያሽ አይደል እንዴ?»

«ጋሼ፣ ስለሱ አያውሩኝ።»

ገባሁ። ጋሽ ኤርጫፎ ግርጌዋ ተቀምጠዋል። አፌን ከፈትኩ፣ ቀልድ ነው የመጣው። መልሼ ዋጥኩት። ዕድሜዬን ሙሉ አፍ አጥቼ አላውቅም።

ደብተሩን ከጆንያው ሥር አወጣሁና እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

ዓይኗን ጨፍና ነበር። አውራ ጣቷ ሽፋኑ ላይ ሄደ… ቆመ… እንደገና ሄደ። ጥልፉን አልፎ ጠርዙ ላይ።

«የእማዬ ክር ነው» አለች።

ነገርኳት። ሳጥኑን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሁሉንም። ጋሽ ኤርጫፎ ተነሥተው ቆሙ። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመቱኝም ይሻል ነበር።

ልክነሽ ጣቷን ከጠርዙ ሳታነሣ ጠየቀችኝ።

«እና ቡልኮ ሲያጣ ይመለሳል ብለህ ነው?»

«አዎ።»

«ሞትን ደግሞ እንዳንተ ሙዝ ጫኝ አደረግከው? ገመድ ጠፋ ብሎ የሚመለስ?»

ሳቀች። ከዛ ሳቁ አመማትና ሆዷን ያዘች። ከዛ አለቀሰች። እኔ ባለሁበት ስታለቅስ ጌዲዮንን ከወለደች ወዲህ አላየሁም።

ጋሽ ኤርጫፎ፦ «የተቆረጠ ቡልኮ ሙት አይለብሰውም!»

«ጋሼ» አለቻቸው ልክነሽ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «የምለብሰው እኔ ነኝ።»

ወጥተው ሄዱ። ምሳ እንኳ ሳይበሉ፣ ወደ ኦቾሎ።

አይዳን አስጠራቻት። ልጅቷ ጉልበቷ ላይ ወድቃ ይቅርታ ስትል፣

«አንቺ ምን አደረግሽ? መስፋት ትችያለሽ አይደል?»

«እችላለሁ፣ እማማ።»

«ስፊው እንግዲያ። አበቦቹን ግን እንዳትፈቻቸው። ይኑሩ። እዛ የምይዘው ነገር ይኑረኝ።»


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ፋሲካ አለፈ። ዶሮ አልታረደም። ጌዲዮን ከሐዋሳ መጥቶ እናቱን ሲያይ ጓሮ ወጥቶ ቆመ። አባብዬ አስገባሁት። ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ምንም አላለኝም። የኔ ልጅ ዝም ሲል እናቱን ነው የሚመስለው።

አይዳ ዛሬ መፍታት ጀመረች። የዱቄት ሙጫ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ሲያዙት ይለቃል። እግዜር ይስጣት፣ የፋብሪካውን ባለመጠቀሟ። ካርቶኑን ስታላቅቀው ወረቀቱ ይቀራል፣ በክሩ ብቻ ተያይዞ። ወራት የለፋችበት ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ በአንድ ልብሱን አወለቀ። አጠገቧ ተቀምጬ ሙጫውን በጥፍሬ እፍቃለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

«አይዱ፣ ተናደሽብኛል?»

«አዎ።»

ጥሩ። ቢያንስ አንድ ሰው መልስ ይሰጠኛል።


እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ጋሽ ኤርጫፎ መጡ! ሰላምታ የለ። በአጠገቤ አልፈው ጓሮ ሄዱ። ከጋቢያቸው ውስጥ አንድ ጥቅል ክር አውጥተው ለአይዳ ሰጧት።

«ከሸመንኩት የተረፈ ነው። የእናታችን። በዚህ ግጠሚው።»

እስከ ዛሬ አስቀምጠውት ኖሯል። ከዛ ጎንበስ ብለው ቁራጮቹን ከቀረው ቡልኮ ጎን መሬት ላይ ደረደሯቸው፤ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም ከማጉ ያውቁታል። ሁለቱ ተንበርክከው ሳያቸው፣ ሽማግሌውና ተማሪዋ… ልጠጋ ፈለግሁ። አልተጠጋሁም።

ልክነሽ ዛሬ ብዙ ተኛች። ስትነቃ «ደረሰ?» አለች። «እየደረሰ ነው» አልኳት። ይደርስ ይሆን?


ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

አንድ ቁራጭ ጎደለ። የኔ ነው።

አይዳ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ይቅር። በሌላ ጨርቅ እሞላዋለሁ» አለች። መጨከን አቅቷት ነው።

«አይቀርም» አልኳት። ምላጭ ወሰድኩ፣ እርጥብ ጨርቅ ወሰድኩ፣ ራሴ ገፈፍኩት። ቀስ ብዬ። የሙዝ አበባው ሳይጎዳ ወጣ። ሙዝ ሙዝ ይሸታል አሁንም። አይዳ አሸተተችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ከዛ ቀን ወዲህ ሳቅ አለች። ወዲያው ተወችው።

የት እንደምትገጥመው ልክነሽን ጠየቀቻት።

«ደረቴ ላይ» አለች።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

ደረሰ። አልጋዋ ላይ ዘረጋንላት። ስፌቶቹ ይታወቃሉ፤ እንደ እርሻ ድንበር አገሩን ሁሉ ያቋርጡታል። ልክነሽ በጣቷ ሄደችባቸው። ቅጠሉን አገኘችው። ማንጎውን። ቧንቧው ላይ ስትደርስ፣

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቧንቧችን ነው፣ እማማ።»

«ውኃ ሲጠፋ ስሰድበው የኖርኩትን? እዛም ልትልኪው ነው?»

ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ኤርጫፎም፣ በሌላ በኩል ዞረው።

ከዛ እኔን ፈለገች። እጄን ያዘች። «አጥፈውና አስገባው» አለች። «ላይ ላይ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ልክነሽ። ዛሬ ጠዋት።


እሑድ፣ ግንቦት 10

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁንም አልችልም። የሆነውን ላስቀምጥ ብቻ።

ሴቶቹ ገንዘው ሲጨርሱ ለቡልኮው ወንድሟን ጠሩ። ጋሽ ኤርጫፎ ዘረጉት። የተገጠመው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ለቀስተኛው ሁሉ ያያል። ስፌቱን ወደ ውስጥ ያዞሩታል ብዬ ጠበቅሁ፤ ማንም እንዳያይ። ባዞሩት አልፈርድም ነበር።

ወደ ውጭ አዞሩት። አበባው ደረቷ ላይ ዋለ።

ከጀርባዬ አንዲት ሴት «ይሄ ምን ዓይነት ቡልኮ ነው?» ስትል ሰማሁ። ድሮ ቢሆን ዞር ብዬ፣ እንዲህ ያለ ቡልኮ በጋሞ ምድር ታይቶ አይታወቅም፣ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ እል ነበር። አልዞርኩም። አይዳ ከሴቶቹ መሀል ቆማ ጣቶቿን ብብቷ ውስጥ ደብቃለች። በመርፌ ተበሳስተዋል።

ጋሽ ኤርጫፎ አፈር ሲመለስ አካፋውን ለኔ አቀበሉኝ። እጃቸው ብቻ። ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

የአይዳ ኤግዚቢሽን። ሸሚዝ ተኩሼ ሄድኩ።

የሌሎቹ ተማሪዎች ሥራ ያብረቀርቃል፤ ቦርሳው፣ ቀሚሱ፣ የግድግዳ ጌጡ። የአይዳ ጠረጴዛ ላይ ስድስት መጽሐፍ፣ ሁሉም ያለ ሽፋን። ጀርባቸው ላይ ክር ብቻ። መምህራኑ መጡ። አንዱ አነሣና አገላበጠ።

«ጥልፉስ? በዕቅድሽ ላይ ጥልፍ ነበር እኮ።»

«ነበር» አለች።

«የት አለ?»

«ተሰጠ።»

ደሜ ፈላ። ልናገር ወደፊት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ዝም ይበሉ።»

«ለምን? እውነቱን ቢያውቁ…»

«የእማማን ለቅሶ ለማርክ አልሸጥም።»

አልተሟላም ተባለች። ለሚመጣው ዓመት ድጋሚ ታቀርባለች። እናቷ አዳማ ላይ የምርቃት ድግስ ጀምራ ነበር። አይዳ ስልክ ስትደውልላት አጠገቧ ነበርኩ። «ምክንያቱ ረጅም ነው፣ እማዬ» ብቻ ነው ያለችው።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ታፔላዎቹን አነበብኳቸው። በልቤ። በልብ ማንበብን መምህር ነህምያ አላስተማረኝም። ለካ እንዲህ ቀላል ነው።


እሑድ፣ ሰኔ 29

አይዳ ለክረምት ወደ አገሯ ሄደች። መስከረም ትመለሳለች፤ ክፍሏን አላከራይም። ከመሄዷ በፊት ደብተሬን አየችው።

«ጋሼ፣ ሽፋን ልሥራለት? ጥሩ ጨርቅ አግኝቻለሁ።»

«ተይው።»

«ወረቀቱ ይበላሻል።»

«ተይው፣ ልጄ። አለው። እዛ ነው ያለው።»

ጀርባው ላይ ክሩ ይታያል፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። አንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ ብን ብን ያለ ጥጥ በሙጫው ተይዞ ቀርቷል። ስጽፍ አውራ ጣቴ እዛ ላይ ያርፋል።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ስቀልድ የሚጎሽመኝ የለም፤ ስለዚህ አልቀልድም።

ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ሳጥኑን ጎትቼ አወጣሁ። ያ ብርድ ልብስ አለ፣ የጥበቃው፣ በነጠላዋ እንደተጠቀለለ። አጥሩ ላይ አሰጣሁትና አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሽታው እስኪለቅ ጠበቅሁ። ከዛ አጥፌ መለስኩት።

ላይ ላይ አደረግሁት። ጌዲዮን እንዳይፈልግ።